ጋሪ ነጂው በድርድር ጠረጴዛ ፊት፦ የኧርነስት ቤቪን ሕይወትና ሥራ



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ እንግሊዛዊ የሠራተኛ መሪ፣ ስለ ኧርነስት ቤቪን ነው። በታሪክ ትምህርታችን ውስጥ የዚህ ሰው ስም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ይኸውም በ1946 የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ ኦጋዴንን ከእንግሊዝ ሶማሌላንድና ከቀድሞው የኢጣልያ ሶማሌላንድ ጋር አዋሕዶ በአንድ ሞግዚትነት ሥር ለማድረግ ያቀረበው ሐሳብ ነው። በዚህም ምክንያት ብዙዎቻችን የምናውቀው የቅኝ ገዥ መንግሥት ታማኝ አገልጋይ አድርገን ነው። ይሁንና ይኸው ሰው ከዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት በዚያው ሳምንት፣ የገዛ ፓርቲውን መሪ በጉባኤ ፊት ነቅፎ የእንግሊዝ የሠራተኛ ንቅናቄ ለኢትዮጵያ ሲባል ማዕቀብን እንዲደግፍ ያስቻለ ነው።

ሁለቱን ሥራዎች የሠራው አንድ ሰው መሆኑ ለረጅም ጊዜ ሲያሳስበኝ ቆይቷል። ሥልጣን ለወጠው የሚሉ አሉ። የእኔ አስተያየት ግን ከዚህ ይለያል። ሰውየው አልተለወጠም፤ በሁለቱም ጊዜ የተጠቀመበት ሙያ አንድ ነው፣ የሠራተኛ ማኅበር ተደራዳሪነት። የተለወጠው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ነው። ይህን ለማስረዳት ከልጅነቱ መነሣት ይኖርብኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

ቤቪን በ1881 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በሶመርሴት አውራጃ፣ ዊንስፎርድ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። እናቱ በሰው ቤት እየሠራች ያሳደገችው ሲሆን፣ ስምንት ዓመት ሲሆነው ሞተችበት። ከዚያ በኋላ በእናት የምትዛመደው ታላቅ እኅቱ ዘንድ አደገ። ትምህርቱ በዐሥራ አንድ ዓመቱ አበቃ፤ ከዚያ ወዲያ በገበሬ ቤት ተቀጣሪ ልጅ ሆነ። በዐሥራ ሦስት ዓመቱ ግድም ወደ ብሪስቶል ከተማ ተሰደደና በምግብ ቤትና በመጋዘን እየሠራ አደገ፤ በመጨረሻም በፈረስ የሚጎተት ጋሪ እየነዳ ለስላሳ መጠጥ የሚያከፋፍል ሠራተኛ ሆነ። የተማረው በባፕቲስት ጸሎት ቤት ነው። በዚያ መጽሐፍ ቅዱስን አጠና፣ ስብከት ተለማመደ፣ በማታ ትምህርትም ተካፈለ። ድምፁና የንግግር ስልቱ እስከ ዕድሜው መጨረሻ የሰባኪ ድምፅና ስልት ሆኖ ቀርቷል።

በ1908 በብሪስቶል ሥራ አጥነት በበረታ ጊዜ ቤቪን ለሥራ ፈላጊዎች መብት የሚታገል ኮሚቴ ጸሐፊ ነበር። ሥራ አጦቹን በሰልፍ አሰልፎ በእሑድ ጸሎት ሰዓት ወደ ካቴድራሉ አስገባቸው። ድንጋይ አልወረወሩም፣ አልጮኹም፤ በጸጥታ ገብተው በምእመናኑ ፊት ቆሙ። በ1910 ደግሞ የከተማውን ጋሪ ነጂዎች በወደብ ሠራተኞች ማኅበር ሥር ራሱን በቻለ ቅርንጫፍ አደራጀ፤ በሚቀጥለው ዓመት የማኅበሩ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ሆነ።

በዚያ ዘመን የወደብ ሥራ ምን ይመስል እንደ ነበር ሳንረዳ የቤቪንን አስተሳሰብ መረዳት አንችልም። ጫኝና አውራጁ ቋሚ ቀጣሪ አልነበረውም። በየማለዳው ከወደቡ በር ላይ ተሰብስቦ ይቆማል። ካቦው ይመጣና በጣቱ እያመለከተ አንተ ና፣ አንተም ና፣ ይላል። የተመረጠው ለግማሽ ቀን ሥራ ያገኛል፤ ያልተመረጠው ለከሰዓት በኋላው ምርጫ ይጠብቃል ወይም ባዶ እጁን ይመለሳል። የከተሞቻችንን የቀን ሠራተኞች መቆሚያ በማለዳ ያየ ሰው ሥርዓቱን ለማሰብ አይቸገርም። በዚህ አሠራር ውስጥ ብቻውን የሚከራከር ሠራተኛ በማግሥቱ ጣት አይቀሰርለትም። ስለዚህ ክርክር የሚቻለው በጋራ ብቻ ነበር።

ቤቪንን በመላው እንግሊዝ ያስታወቀው የ1920ው ምርመራ ነው። የወደብ ሠራተኞች በቀን 16 ሽልንግ እንዲከፈላቸው በጠየቁ ጊዜ ጉዳዩ በሎርድ ሾው ሰብሳቢነት በተቋቋመ የምርመራ ጉባኤ ፊት ቀረበ። አሠሪዎቹ ስመ ጥር ጠበቃ አቆሙ። ሠራተኞቹ ያቆሙት በዐሥራ አንድ ዓመቱ ከትምህርት ቤት የወጣውን ጋሪ ነጂ ነበር። የመክፈቻ ንግግሩ ብቻ ዐሥራ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ይሁን እንጂ ከንግግሩ ይበልጥ የሚታወሰው ያቀረበው ማስረጃ ነው።

አሠሪዎቹ አርተር ቦውሊ የተባሉ ታላቅ የስታቲስቲክስ ሊቅ ምስክር አድርገው አቅርበው ነበር። እኒህ ሊቅ አንድ የሠራተኛ ቤተ ሰብ ለመኖር ምን ያህል ምግብ እንደሚበቃው በካሎሪ አስልተው፣ ከዚያም ተነሥተው ወጪውን ተምነዋል። ቤቪን በሒሳቡ ላይ አልተከራከረም። ከጸሐፊው ጋር ካኒንግ ታውን ወደሚባለው የለንደን የድሆች ሠፈር ገበያ ወረደና በተተመነው ገንዘብ የሚገዛውን ምግብ ገዛ። አስቀቀለው፤ ለአምስት ሰው በሳሕን ከፋፍሎም ከዳኞቹ ፊት አስቀመጠው። ቅንጥብጣቢ ሥጋ፣ ቁራሽ ዓሣ፣ ጥቂት ዳቦ ነበር። ከዚያም ይህ ምግብ ቀኑን ሙሉ ከባድ ከረጢት ለሚሸከም ሰው ይበቃ እንደ ሆነ ፕሮፌሰሩን ጠየቃቸው። እሳቸው ራሳቸው ከረጢት ተሸክመው ያውቁ እንደ ሆነም ጨመረ።

እኔ እንደ ዩኒቨርሲቲ ሰው ይህን ታሪክ ባነበብሁ ቁጥር ለፕሮፌሰሩ ትንሽ አዝናለሁ። ሒሳባቸው የተሳሳተ አልነበረም፤ ከሳሕን ጋር ተነጻጽሮ ግን አያውቅም ነበር። ጉባኤው 16 ሽልንጉን ፈቀደ። ለታላላቅ ጠበቆች የሚሰጠውን ማዕረግ በመዋስም ጋዜጦች ቤቪንን «የወደብ ሠራተኞች የንጉሥ ጠበቃ» አሉት።

ነገር ግን ድሉ ብዙ አልቆየም። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ የተገኘው ደመወዝ ደረጃ በደረጃ ተቀነሰ። ጉባኤው የወደብ ሠራተኞች በመዝገብ ተይዘው ሥራ በሌለበትም ቀን መተዳደሪያ እንዲያገኙ ያቀረበው ሐሳብ ወረቀት ላይ ቀረ። ቤቪን ከዚህ ያገኘው ትምህርት ግልጽ ይመስለኛል፤ ከጀርባው አስገዳጅ ኃይል የሌለው ውሳኔ ምክር ብቻ ነው።

በጥር 1922 ሥራውን የጀመረው የትራንስፖርትና ጠቅላላ ሠራተኞች ማኅበር የዚህ ትምህርት ፍሬ ነው። ዐሥራ አራት ማኅበራት ተዋሕደው ሦስት መቶ ሺሕ ያህል አባላት ያሉት አንድ ድርጅት ሆኑ፤ ቤቪንም የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ሁላችን እንናገራለን፤ አስቸጋሪው ግን ድሮቹን ማሳበር ነው። የወደብ ሠራተኛው የአውቶቡስ ነጂውን አያምንም፤ የአንዱ ማኅበር መሪ ለሌላው መሪ ሥልጣኑን አይለቅም። ቤቪን ያገኘው መላ እያንዳንዱ የሙያ ዘርፍ የራሱ ብሔራዊ ኮሚቴ ኖሮት በደመወዝና በሥራ ሁኔታው ላይ ራሱ እንዲወስን፣ ገንዘቡና የአድማው ሥልጣን ግን በማእከል እንዲያዝ ማድረግ ነው። የድርጅት አወቃቀር የምታጠኑ ተማሪዎች ይህን ሕገ ደንብ ብታነቡት አትጸጸቱም። በ1930ዎቹ መጨረሻ አባላቱ ከስድስት መቶ ሺሕ በላይ ደርሰው ነበር።

የ1926ቱን ጠቅላላ አድማ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ቤቪን ከዋና አስተባባሪዎቹ አንዱ ነበር፤ አድማው በዘጠኝ ቀን ያለ ውጤት ተቋረጠ፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ድልን ከአድማ ይልቅ ከድርድር ይጠብቅ ጀመር። ከ1929 እስከ 1931 በገንዘብና ኢንዱስትሪ ጉዳይ በተቋቋመው የማክሚላን ኮሚቴ ውስጥ ከኢኮኖሚስቱ ከኬንስ ጋር ተቀምጦ የእንግሊዝ ባንክን ባለሥልጣናት በጥያቄ አፋጠጠ። በ1931 በጌትስሄድ ለፓርላማ ተወዳድሮ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ።

ወደ 1935 እንለፍ። በመስከረም ወር መጨረሻ የሙሶሊኒ ጦር በኤርትራና በሶማሌላንድ ተከማችቶ ነበር። የሌበር ፓርቲ ዓመታዊ ጉባኤ በብራይተን ከተማ በተከፈተ ጊዜ ቀዳሚው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ፓርቲው የመንግሥታት ማኅበር በኢጣልያ ላይ ማዕቀብ እንዲጥል፣ በቃል ኪዳኑ የተፈቀደውንም እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ይደግፍ ወይስ አይደግፍ? የፓርቲው መሪ ጆርጅ ላንስበሪ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ለድሆች የኖሩ፣ በክርስቲያናዊ እምነታቸው ጦርነትን ፈጽሞ የማይቀበሉ ሰው ነበሩ። ማዕቀብ ወደ ጦርነት እንደሚያመራ በመግለጽ ተቃወሙ። ጉባኤው በሐሳባቸው ባይስማማም ከመቀመጫው ተነሥቶ በጭብጨባ አከበራቸው።

ከዚያ ቤቪን ተነሣ። የተናገረው ስለ ኢትዮጵያ ነፃነት ከነበረው ይልቅ ስለ ውሳኔ ክብር ነበር። ንቅናቄው ለዓመታት የጋራ ደኅንነትን ደግፎ ወስኗል፤ መሪውም ውሳኔዎቹ በተላለፉባቸው ስብሰባዎች ላይ ነበሩ፤ ዛሬ የሚከፈልበት ቀን ሲመጣ ሕሊናቸውን ከመድረክ ወደ መድረክ እያዞሩ ምን ላድርገው እያሉ መጠየቅ አይገባቸውም፤ የንግግሩ ፍሬ ነገር ይህ ነበር። በአዳራሹ ብዙዎች ተቆጡ፤ አንዳንዶቹም በጩኸት አቋረጡት። በጀርመንና በኦስትሪያ የሠራተኛ ማኅበራት በፋሺስቶች እጅ እንዴት እንደ ፈረሱም አስታወሰ። ውጤቱ 2,168,000 ድምፅ ለማዕቀቡ፣ 102,000 ድምፅ በተቃውሞ ሆነ። በዚያው ሳምንት የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ላንስበሪ ከጥቂት ቀናት በኋላ መሪነታቸውን ለቀቁ፤ ክሌመንት አትሊ ተተኩ።

ንግግሩ ጨካኝ ነበር ወይ? አዎን፤ ያን ያህል መክፋት ባላስፈለገው ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን ልብ በሉ፤ ቤቪን የተናገረው እንደ ማኅበር ሰው ነው። በእሱ ዓለም አባላቱ ከወሰኑ በኋላ ሥራውን የማያቆም ሰው፣ ምክንያቱ ምንም ቅዱስ ቢሆን፣ አድማ ሰባሪ ነው። የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን ለእሱ የኅብረት ስምምነት ነበር። ኢትዮጵያም የማኅበሩ አባል ነበረች፤ ስለዚህ ጥቃት ሲደርስባት ሌሎቹ አባላት ሊቆሙላት ይገባ ነበር። ድምፁ ኢትዮጵያን አላዳናትም። ሌበር ተቃዋሚ ፓርቲ እንጂ መንግሥት አልነበረም፤ የተጣለው ማዕቀብ ነዳጅ ዘይትን አልጨመረም፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች ክፍት ነበር።

በግንቦት 1940 ቸርችል የጦርነቱን ጥምር መንግሥት ሲያቋቁሙ የፓርላማ አባል እንኳ ያልነበረውን ቤቪንን የሠራተኛ ሚኒስትር አደረጉት። በለንደን የዋንድስዎርዝ መቀመጫ ያለ ተወዳዳሪ ገብቶ የምክር ቤት አባል ሆነ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ሕግ ማንኛውንም ዜጋ ወደ ማንኛውም ሥራ የመመደብ ሥልጣን አገኘ። በታሪክ ይህን ያህል ሥልጣን በሠራተኛ ላይ የያዘ የሠራተኛ ማኅበር መሪ የነበረ አይመስለኝም። እሱ ግን ሰባት የአሠሪዎች፣ ሰባት የማኅበራት ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ አቋቁሞ ያለ እነሱ ምክር ብዙ ላለመሥራት ሞከረ። በታኅሣሥ 1941 ሴቶችም ለብሔራዊ አገልግሎት እንዲጠሩ ሕግ ወጣ። ከ1943 መጨረሻ ጀምሮ ለውትድርና ከሚጠሩት ወጣቶች ከዐሥር አንዱ በዕጣ ወደ ከሰል ማዕድን ይላክ ነበር፤ «የቤቪን ልጆች» ይባላሉ። አድማ በአዋጅ ተከልክሎ ነበርና በ1942 በኬንት አውራጃ በቤቲስሃንገር ማዕድን ሠራተኞች አድማ ሲመቱ ሦስት መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ወደ አንድ ሺሕ የሚሆኑትም ተቀጡ። ማዕድን ቆፋሪዎቹ ግን በእስር ዛቻ ወደ ሥራ አልተመለሱም፤ እስረኞቹ ተፈቱ። ይህን ውጤት የብሪስቶሉ ቤቪን ቀድሞ ያውቀው ነበር።

በሐምሌ 1945 ሌበር አሸንፎ አትሊ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ቤቪን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነትን ተረከበ። ማርሻል የአሜሪካን እርዳታ በሰኔ 1947 ሲጠቁሙ ፈጥኖ የአውሮፓን መንግሥታት ያሰባሰበው እሱ ነው፤ በ1949 የተፈረመው የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳንም በብዙ የእሱ ሥራ ነው። በፍልስጤም ጉዳይ ግን አይሁድንም ዓረቦችንም የሚያስማማ ውል ማግኘት ተስኖት በ1947 ጉዳዩን ለተባበሩት መንግሥታት አስረከበ። ይህ ራሱን የቻለ ንግግር ይጠይቃል።

ወደ እኛ አካባቢ ልመለስ። ጦርነቱ ሲያበቃ እንግሊዝ የራሷን ሶማሌላንድ፣ የቀድሞውን የኢጣልያ ሶማሌላንድ፣ እንዲሁም በ1942 እና በ1944 ከኢትዮጵያ ጋር በተፈራረመቻቸው ውሎች ሽፋን ኦጋዴንን ታስተዳድር ነበር። ቤቪን በ1946 የጸደይ ወራት በፓሪስ በተሰበሰቡት የታላላቅ መንግሥታት ሚኒስትሮች ፊት ሦስቱ ተዋሕደው በአንድ ሞግዚትነት እንዲያዙ ሐሳብ አቀረበ። በሰኔ ወርም ለፓርላማ ሲያስረዳ ዘላኖቹ ከብቶቻቸውን ለግጦሽ በወሰን ሳይከለከሉ እንዲያንቀሳቅሱ ለማስቻል ነው አለ፤ ኢትዮጵያም ከተስማማች የሚል ቃል ጨመረ። ኢትዮጵያ አልተስማማችም። ሶቪየት ኅብረት ዕቅዱን የእንግሊዝን ግዛት የማስፋት ዘዴ አድርጋ ከሰሰች፤ አሜሪካና ፈረንሳይም አልደገፉትም። ዕቅዱ ተጣለ፤ በ1948 አብዛኛው ኦጋዴን ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

በሶማሌዎች ዘንድ ይህ ዕቅድ በሌላ ዓይን እንደሚታይ መናገር ይገባኛል። የወጣቶቻቸው ሊግ አንድነትን ይጠይቅ ነበር፤ ለእነሱ የቤቪን ሐሳብ ያመለጠ ዕድል ነው። የግጦሹም ምክንያት ሰበብ ብቻ አልነበረም፤ ዘላኑ በክረምትና በበጋ ወሰን እያቋረጠ መኖሩ እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ያን ጊዜ በጠረጴዛው ዙሪያ ግመል ያለው ሰው አልነበረም፤ የኢትዮጵያም ተወካይ አልነበረም። በ1920 ቤቪን ለወደብ ሠራተኞች ሲከራከር የላኩት እነሱ ነበሩ፤ ያመጣውን ውል ባይወዱ ሊጥሉት ይችሉ ነበር። በፓሪስ የተከራከረላቸው ሰዎች አልላኩትም፣ ሊሽሩትም አይችሉም ነበር። ተደራዳሪነቱ ያው ነው፤ በሙያው ውስጥ ከሁሉ የከበደው ክፍል፣ ወደ ላኪዎቹ ተመልሶ መጠየቅ፣ ጎድሏል። በአገራችን የፍርድ ልማድ ባለጉዳዩ በሌለበት የተቆረጠ ፍርድ ምን ያህል እንደሚከበር ታውቃላችሁ።

ይህ ጉድለት በ1949 ይበልጥ ተገለጠ። ቤቪን በግንቦት ወር ከኢጣልያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከካርሎ ስፎርዛ ጋር በለንደን ተስማማ። በውሉ መሠረት ሊቢያ በሦስት ተከፍላ ትሪፖሊታንያ ለኢጣልያ፣ ሲሬናይካ ለእንግሊዝ፣ ፌዛን ለፈረንሳይ ሞግዚትነት ይሰጣሉ፤ ሶማሊያ ወደ ኢጣልያ ሞግዚትነት ትመለሳለች፤ ኤርትራ ደግሞ ከምዕራባዊው ክፍሏ በስተቀር ለኢትዮጵያ ትሰጣለች፤ ምዕራቡ ለሱዳን ይሆናል። በብራይተን ኢጣልያን ለማስቆም የተነሣው ሰው ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ኢጣልያን ወደ አፍሪካ በሚመልስ ውል ላይ ስሙን አኖረ። ምክንያቱ ለድምፅ ቆጣሪ ግልጽ ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤው ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ይጠይቃል፣ የላቲን አሜሪካ መንግሥታትም ያለ ኢጣልያ ድርሻ አይመርጡም ነበር።

ቤቪን በሌበር ጉባኤዎች የማኅበሩን አባላት ድምፅ በአንድ ካርድ ይዞ የሚነሣ ሰው ነበር፤ የአንድ ሰው እጅ መውጣት የመቶ ሺዎች ድምፅ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ግን ትንሹም አገር አንድ፣ ትልቁም አገር አንድ ድምፅ አለው። በትሪፖሊ ሕዝቡ ለተቃውሞ አደባባይ በወጣበት በዚያው ወር፣ የትሪፖሊታንያው አንቀጽ በአንድ ድምፅ ጎድሎ ወደቀ፤ የሄይቲው ልዑክ ኤሚል ሳን-ሎ ድምፃቸውን በተቃውሞ ሰጥተው ነበር። የኢጣልያ ድርሻ ሲወድቅ የላቲን አሜሪካ መንግሥታት ድጋፋቸውን አነሡ፤ ውሉም በሙሉ ፈረሰ።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ልቡ ታማሚ ነበር። በ1947 የወደብ ሠራተኞች የመዝገብ ሥርዓት በሕግ ተቋቁሞ በሎርድ ሾው ጉባኤ የተጠየቀው የመተዳደሪያ ዋስትና ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ሥራ ላይ ሲውል ለማየት በቅቷል። በመጋቢት 1951 ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነት ተነሣ፤ በሚያዝያ ወር አጋማሽ በለንደን ሞተ። ዐመዱ በዌስትሚንስተር ገዳም ውስጥ አርፏል። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን የተቆራኘችው በመስከረም 1952 ነው። ሐውድና በልዩ ውል ተይዞ የቆየው ግዛት ለኢትዮጵያ የተመለሱት በ1954 በተፈረመ ስምምነት ሲሆን፣ በዚያ ስምምነት ላይም ዘላኖቹ በግጦሹ የመጠቀም መብታቸው እንዲጠበቅ አንቀጽ ገብቷል። የግመሎቹ ባለቤቶች በዚያም ጊዜ አልተጠየቁም።

ለጥያቄ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ አቆማለሁ።